ሆኪና ገና፦ የወጣት ወንዶች የዓለም የሆኪ ዋንጫ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ

የወጣት ወንዶችን የዓለም የሆኪ ዋንጫ የሚመለከት ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚውን ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። አንደኛው የባዕዱን ቃል ሁሉ እንዳለ መቀበል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ሆኪ ማለት የኛው ገና ነው» ብሎ ነገሩን በችኮላ መዝጋት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱም መንገዶች የማያዋጡበትን ምክንያት አስረድተን፣ ይጠቅማሉ የምንላቸውን ጥቂት ስያሜዎች እናቀርባለን።

በቅድሚያ የውድድሩን ምንነት እንመልከት። ውድድሩን የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሆኪ ፌዴሬሽን ነው። የወጣት ወንዶቹ ዋንጫ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ድል ያገኘችው ፓኪስታን ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከሁሉ አብልጣ ያሸነፈችው ጀርመን ናት። እ.ኤ.አ. በ2025 በሕንድ አገር፣ በቼናይና በማዱራይ ከተሞች በተደረገው ውድድር 24 ቡድኖች ተካፍለዋል። ተጫዋቾቹ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ነው። ይህ የዕድሜ ወሰን ራሱ የቃል ምርጫን ይጠይቃል። «ታዳጊ» የሚለው ቃል በእግር ኳስ ዜና ከዚህ ለሚያንስ ዕድሜ ስለተለመደ፣ ለዚህ ውድድር «ወጣት» የሚለውን እንመርጣለን።

በእኛ አገር ለሆኪ ቅርብ የሆነው ጨዋታ በልደት በዓል ሰሞን የሚዘወተረው ገና ነው። በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ጃን ሜዳ የታወቀ መጫወቻው ነው። ተጫዋቾች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ጫፉ በቆለመመ በትር ሩሩን እየመቱ ወደ ተጋጣሚያቸው ወሰን ለማሳለፍ ይታገላሉ። በጥንቱ ልማድ የተጫዋቹ ቁጥር ወሰን አልነበረውም፤ የአንዱ መንደር ሰው ከሌላው መንደር ሰው ጋር ይገጥም ነበር። በዕለቱ ጌታና ሎሌ እኩል እንደሚጋፉና ጌታም እንደማይቆጣ የታወቀው አባባል ይመሰክራል።

ይህን የመሰለ ቅርበት እያለ ሆኪን «ገና» ብሎ መተርጎም የማይገባው ስለ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ምክንያት «ገና» የተሸከመው የትርጉም ብዛት ነው። ቃሉ የበዓሉም፣ የጨዋታውም ስም ነው። በዚህ ላይ «እስካሁን» የሚል ትርጉም ያለው ተውሳከ ግሥ «ገና» ሲነገር በመጥበቅና በመላላት ቢለይም በጽሑፍ መልኩ ከእርሱ ጋር አንድ ነው። «ገና አልተጀመረም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከዐውዱ ለይቶ ያነበበ ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደተፈለገ ሊያውቅ አይችልም። ለዚህ ቃል አራተኛ ሸክም መጨመር አንባቢን ማደናገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የጨዋታዎቹ ሕግ መለያየት ነው። በሆኪ ከየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ሜዳው 91.4 ሜትር በ55 ሜትር ነው፤ ግጥሚያውም ባለ15 ደቂቃ አራት ክፍሎች አሉት። ሩሩ የሚመታው በበትሩ ጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ሲሆን፣ በጀርባው መምታት ጥፋት ነው። የገናው በትር ከዛፍ የሚቆረጥ ድፍን እንጨት በመሆኑ እንዲህ ያለ የገጽና የጀርባ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ሁለቱን ጨዋታዎች በአንድ ስም መጥራት የሁለቱንም ጠባይ ይሸፍናል። የጨዋታው ስም «ሆኪ» ሆኖ ይቆይ፤ በበረዶ ላይ ከሚካሄደው መለየት ሲያስፈልግም «የሜዳ ሆኪ» ይባል።

የመሣሪያዎቹ ስም ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከላይ «ሩር» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በገና ጨዋታ ሩር ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ከቆዳ ተጠቅልሎ የሚሠራ፣ በበትር የሚመታ ጠንካራ እንክብል ነው። የሆኪው እንክብልም ጠንካራ ነው፤ ክብደቱ ከ156 እስከ 163 ግራም ይደርሳል። «ኳስ» ሲባል ግን የዛሬ አንባቢ በሐሳቡ የሚመጣለት በአየር የተነፋውና በእግር የሚመታው ነው። እንዲሁም መምቻውን «ስቲክ» ከማለት «በትር» ማለቱ ይበቃል። «ሚና መለየት» የሚለው ፈሊጥ ወገን መለየትን ቢያመለክትም፣ «ሚና» ዛሬ በቲያትርና በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የድርሻ ትርጉም ስለያዘ ለተጋጣሚ ወገን «ቡድን» የሚለውን እናስቀድማለን።

ቃል በቃል መተርጎም እንዴት እንደሚያሳስት ሁለት ምሳሌዎች እንጨምር። ግብ የሚቆጠረው አጥቂው ሩሩን ከግቡ ፊት ባለ የተወሰነ ስፍራ ውስጥ ሆኖ ከነካው ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ስፍራውን «ክብ» ብሎ ይጠራዋል። ቅርጹ ግን ሁለት የክብ ሩቦች በቀጥታ መስመር የተያያዙበት፣ 14.63 ሜትር ወደ ሜዳው የሚገባ ስለሆነ «የመምቻ ክልል» ብንለው እውነቱን ይገልጣል። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ «የማዕዘን ቅጣት» የሚባለው ነው። ሩሩ የሚቀመጠው በሜዳው ማዕዘን አይደለም፤ በግቡ በኩል ባለው የሜዳ ጫፍ መስመር ላይ፣ ከግቡ ቋሚ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ ነው። «የኋላ መስመር» እንዳንለው ደግሞ በእግር ኳስ ተከላካዮችን ያመለክታል። ስለዚህ «የጫፍ መስመር ቅጣት» የሚለውን እናቀርባለን።

ይህ ሁሉ ክርክር ለአንድ የባዕድ ጨዋታ ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ጉዳዩ የሆኪ ብቻ አይደለም። በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተዳፋት ግርጌ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ክፍት ሜዳው ጠቧል፤ ሜዳው ሲጠብ ጨዋታው፣ ጨዋታው ሲቀር «ሩር» የሚለው ቃል ከልጆች አፍ ይጠፋል። መዝገበ ቃላት ቃሉን ሊያቆየው ይችላል፤ በአንደበት ሊያኖረው ግን አይችልም። ተርጓሚው የዓለምን ዋንጫ ሲዘግብ «ሩሩ ወደ መምቻው ክልል ገባ» ብሎ ቢጽፍ ቃሉ አዲስ ሥራ ያገኛል። ለአንባቢ እንዳይከብድ በመጀመሪያው አገባቡ ላይ «የሆኪው ሩር» ብሎ ማስተዋወቅ፣ ከዚያ በኋላ ለብቻው መጠቀም ይበቃል።