በቀለም የሚሠራ ብርሃን፦ የጠረጴዛ ጦርነት ሚኒየቸር አቀባብ

ሚኒየቸር የሚባለው በጠረጴዛ ላይ ለሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ተብሎ ከፕላስቲክ፣ ከሬዚን ወይም ከብረት ቅይጥ የሚሠራ፣ ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የወታደር፣ የልዩ ፍጡር ወይም የጦር መሣሪያ ቅርጽ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ መላ አካሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ፣ እጁ፣ እግሩና ራሱ ተለያይተው በቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች ላይ እንደተያያዙ ስለሚሸጥ፣ ገዢው ቆርጦ፣ አጣብቆና ቀብቶ ካልጨረሰው በቀር ለጨዋታ የተሟላ ነው አይባልም። ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ረጅሙን ጊዜና ትልቁን ጥበብ የሚጠይቀው ቅቡ ሲሆን፣ ቅቡም በአንድ ጊዜ የሚለጠፍ ሳይሆን እየሳሳ፣ እየደረቀና እየተነባበረ የሚሄድ ነው።

ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ አሳንሶ መጫወት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ በቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት አዳራሾች የተወደደው ሰንጠረዥ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን እንደፈለጉ የሚያንቀሳቅሱበትና የመጀመሪያው ጠጠር እስኪያዝ የሚቆይ፣ ወረራ የተባለ መክፈቻ ነበረው። በአውሮፓ ደግሞ የፕሩሲያ ሠራዊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ መኮንኖቹን በካርታ ላይ በሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ያሠለጥን ነበር፤ እንግሊዛዊው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ኤች ጂ ዌልስም እ.ኤ.አ. በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች ለሚደረግ ውጊያ ደንብ ጽፎ አሳትሟል። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀውና በሩቅ መጪ ዘመን፣ በከዋክብት መካከል የሚካሄድ ጦርነትን የሚተርከው ዋርሃመር 40,000 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ አሳታሚው ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1975 በለንደን የተመሠረተና በኋላ መቀመጫውን ወደ ኖቲንግሃም ያዛወረ ኩባንያ ነው።

የሰንጠረዥ ጠጠር ቀለሙ ወገኑን ከለየ በቂ ነው። ሚኒየቸር ግን ከዚህ የበለጠ ይፈለግበታል፤ ፊቱ፣ የጥሩሩ መጋጠሚያ፣ የካባው እጥፋትና የመሣሪያው ቁልፍ ሳይቀር ተቀርጾበታልና፣ ይህ ሁሉ ዝርዝር ከተጫዋቹ ዐይን መድረስ አለበት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጤናማ ዐይን በ1 ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው ነገር ስፋት ቢያንስ ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው የካባ እጥፋት የሚጥለው ጥላ ግን ከዚያ የሚቀጥን፣ ዙሪያውን በሚገባው ብርሃንም የሚሟሟ ነው። ስለዚህ አንድ ወጥ ቀለም የተቀባ ቅርጽ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከጠረጴዛው ማዶ ሲታይ ዝርግ ሆኖ ይቀራል፤ ቀቢው የሚሠራውም ተፈጥሮ በዚህ መጠን ልትሰጠው ያልቻለችውን ጥላና ብርሃን በእጁ ማስቀመጥ ነው። ይህን ሥራ አሻንጉሊት ማቅለም ብሎ ማለፍ የሥራውን ፍሬ ነገር መሳት የሚሆነውም፣ ቀቢው ከብሩሹ ጫፍ የሚያወጣው እያንዳንዱ መስመር ብርሃን ከወዴት እንደሚመጣ የተወሰነ ሐሳብ ስላለው ነው።

ቀለምን መደራረብ የሚቻለው አክሪሊክ በተባለው የቀለም ዓይነት ጠባይ ነው። አክሪሊክ እጅግ የደቀቀ የቀለም ዱቄትና የፕላስቲክ ቅንጣቶች በውኃ ውስጥ ተበትነው የሚገኙበት ድብልቅ ሲሆን፣ ውኃው ሲተንን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይዋሐዱና ዳግም በውኃ የማይሟሟ ስስ ቆዳ ይሠራሉ፤ በዚህም የተነሣ በደረቀው ላይ ሌላ ርጥብ ቀለም ሲያልፍበት የታችኛው አይነሣም፣ አይደፈርስምም። ከእንስሳ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ የሚበጅ ቀለም ግን ከደረቀ በኋላም በውኃ ይለሰልሳልና፣ በእርሱ የሚሠራ ሠዓሊ ሁለተኛውን ንብርብር በቀላል እጅ፣ ሳያሽ፣ በአንድ ማለፍ ማሳረፍ ይኖርበታል።

ሥራው የሚጀምረው ከቀለም በፊት ነው። የፋብሪካው ሁለት የብረት ቅርጽ ማውጫዎች የተገጣጠሙበት ቦታ በሚኒየቸሩ ላይ ቀጭን መስመር ጥሎ ስለሚቀር፣ ይህ በቢላ ጀርባ ተፍቆ ካልጠፋ ኋላ የሚመጣው ቀለም አጉልቶ ያጋልጠዋል። ቀጥሎ ፕራይመር፣ ማለትም ለስላሳውን ፕላስቲክ ይዞ ለላይኛው ቀለም መያዣ የሚሆን ስስ ቅብ ይረጫል፤ የአዳማ ጋራዥ ቀቢ የመኪናውን አካል በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ፕራይመር ካልረጨ ዋናውን ቀለም እንደማይነካ ሁሉ፣ የሚኒየቸር ቀቢም ይህን ደረጃ አይዘልም። ይሁንና የጋራዡን ቀለም ወስዶ በሚኒየቸር ላይ መርጨት አደገኛ ነው፤ በውስጡ ያለው ኃይለኛ ቲነር ቅርጹ የተሠራበትን ፕላስቲክ ያቀልጠዋልና።

የአየሩም ጠባይ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው በዚያ የተተከሉት የአካባቢው ነፋስ ብርቱ ስለሆነ ነው። በእንዲህ ያለ ደረቅ ነፋስ ውስጥ የተረጨ ፕራይመር ጠብታው በአየር ላይ እያለ ስለሚደርቅ፣ ቅርጹ ላይ ሲያርፍ እንደ ቅብ ሳይሆን እንደ አቧራ ይሆንና ገጹን ያሻክረዋል፤ ስለዚህ ነፋሱ ጋብ በሚልበት ሰዓት፣ በተከለለ ነገር ግን አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መርጨት፣ ወይም በብሩሽ የሚቀባ ፕራይመር መምረጥ ይሻላል። በበጋው ወራት ቀለሙ በማዋሃጃው ሰሌዳ ላይም ቶሎ ይደርቃል። ለዚህ መፍትሔው ክዳን ባለው ዝርግ ዕቃ ውስጥ ርጥብ ስፖንጅ አንጥፎ፣ በላዩ ለዳቦ መጋገሪያ የሚያገለግል ወረቀት አድርጎ ቀለሙን በዚያ ላይ ማዋሃድ ነው፤ ወረቀቱ እርጥበቱን በጥቂት በጥቂቱ ስለሚያሳልፍ ቀለሙ ለሰዓታት ሳይደርቅ ይቆያል።

አሁን ቅቡ ይጀመራል። ለምሳሌ ቀይ ጥሩር የለበሰ የመጪው ዘመን ወታደር ቢሆን፣ መጀመሪያ ጥሩሩ በሙሉ መካከለኛ ድምቀት ባለው ቀይ ይሸፈናል፤ ቀለሙ በውኃ ቀጥኖ ሁለት ጊዜ ይቀባል እንጂ አንድ ጊዜ ወፍሮ አይቀባም፣ ምክንያቱም ወፍራም ቅብ የተቀረጸውን ስስ ዝርዝር ይደፍነዋል። ከዚያ ማጠቢያ በመባል የሚታወቀው፣ ቀለሙ ጥቂት ፈሳሹ ብዙ የሆነ ቡናማ ቅብ በላዩ ይፈሳል፤ ፈሳሹ ከጉብታዎቹ ሸሽቶ ወደ ስርጉዶቹና ወደ መጋጠሚያዎቹ ስለሚሰበሰብ፣ ሲደርቅ ጥላ ሊኖር የሚገባበትን ሁሉ ያጠቁራል። ለጀማሪ ቀቢ ሥራው አምሮ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና ብዙዎች በዚሁ ያቆማሉ።

ዋናው ጥበብ የሚመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ቀቢው ያንኑ የመጀመሪያውን ቀይ ይወስድና፣ ስርጉዶቹን ጠቁረው እንዲቀሩ ትቶ ጉብ ያለውን ክፍል ብቻ ዳግም ይቀባል፤ ቀጥሎ ቀዩን ጥቂት አድምቆ ካለፈው ባነሰ ስፋት ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያም ይበልጥ አድምቆ፣ ይበልጥ አጥብቦ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ንብርብር ከታቹ ያለውን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ በዳር ዳሩ ጥቂት ያስተርፍለታል፤ ከሩቅ የሚያይ ዐይን እነዚህን የተደረደሩ ዳርቻዎች አንድ አድርጎ ከጥላ ወደ ብርሃን የሚሸጋገር አንድ ገጽ አድርጎ ይቀበላቸዋል። ዳርቻዎቹ ጎልተው ከታዩ፣ እንደ ባለቀለም ውኃ በቀጠነ መካከለኛ ቀለም በላያቸው እየታለፈ ይለሰልሳሉ።

ቀለሙ የሚደምቅበት መንገድ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ቀይ ላይ ነጭ ቢጨመር ሮዝ እንጂ ብርሃን ያረፈበት ቀይ አይሆንም፤ ስለዚህ ቀይ ወደ ብርቱካናማ እየተጠጋ ነው የሚደምቀው፣ ጥላውም ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ቢጫም በጥቁር ቢጠቁር ወደ አረንጓዴ ስለሚያዘነብል ቡናማ ይመረጥለታል። ሰማያዊ ግን ነጭን በቀላሉ ይቀበላል። እነዚህን ዝምድናዎች የተረዳ ቀቢ በጥቂት ጠርሙስ ቀለም የሚሠራውን፣ ያልተረዳ በመቶ ጠርሙስ አይሠራውም።

ይህ ብርሃንን በቀለም ደረጃ የማውጣት ጥያቄ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች አስቀድመው የተጋፈጡት ነው። አጥኚዎች የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል የሚሉት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል በጎላ መስመርና በዝርግ፣ ደማቅ ቀለም የሚታወቅ ሲሆን፣ ከዚያ የተነሣውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የደረጀው ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ግን የፊትን ዳር እያጠቆረ መሐሉን እያበራ፣ ጉንጭን ሞላ አድርጎ ያሳያል፤ የኋላ መደቡም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሸጋገራል። እቴጌይቱ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ናቸው። በእንጨት ሰሌዳ ላይ የሚሠሩት ሥዕሎችም ከቀለም በፊት ነጭ የጀሶ ንጣፍ ይቀበሉ ነበርና፣ የፕራይመር አስፈላጊነትም ቢሆን ለአገሩ ሠዓሊ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ሠዓሊው ዝርግ ገጽ ላይ የሌለን ጉብታ ሲፈጥር፣ የሚኒየቸር ቀቢ ደግሞ ያለውን ነገር ግን የማይታየውን ጉብታ ማጉላቱ ነው፤ የጎንደርን ፊቶች አስተውሎ ያየ ሰው የሚኒየቸርን ቅብ ለመማር ብዙ መንገድ የቀረበ ይሆናል።

የሳይንስ ልብ ወለድ ቅርጽ ከጥንት ወታደር የሚለየው ጠርዝ ስለሚበዛበት ነው። የጥሩሩ ሳህኖች ማዕዘናቸው ስለት ስላለው፣ ከንብርብሩ ሁሉ በደመቀ ቀለም የብሩሹን ጎን በጠርዙ ላይ በማንሸራተት ቀጭን መስመር ይወጣል፤ ይህ መስመር ነው ቅርጹን ከማዶ የሚያስነብበው። የራስ ቁሩ መነጽር ደግሞ ከሌላው ክፍል ሁሉ በተቃራኒ ይሠራል፤ የሚያሳልፍ ነገር ብርሃኑን ከላይ ተቀብሎ ወደ ታች ስለሚሰበስብ፣ የላዩ ጥግ ጠቁሮ የታቹ ይደምቃል፣ በጠቆረው ጥግ ላይም ነጭ ነጥብ ትቀመጣለች። ከመሣሪያው የሚፈነጥቅ የጨረር ብርሃን ሲሳል ምንጩ ወደ ነጭ ይቀርባል፤ በአጠገቡ ባሉት ገጾች ላይ ብቻም፣ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር እየደከመ የሚሄድ የዚያው ብርሃን ቀለም ይጣላል። እዚህ ላይ ልከኝነት ያስፈልጋል፤ የጨረሩ ብርሃን ቅርጹን ሁሉ ካጥለቀለቀው ያ ሁሉ የቀይ ንብርብር ልፋት ይጠፋል።

ወታደሩ የሚቆምበት ክብ መደብ እንደ ትንሽ መልክዓ ምድር ይሠራል፤ በዚህ ረገድ የስምጥ ሸለቆ ቀቢ የታደለ ነው። በመተሐራ አጠገብ በፈንታሌ ተራራ ግርጌ የተዘረጋው ጥቁር የላቫ ሜዳ፣ በሞጆና በመቂ በኩል የሚቆፈረው ቀላልና ፈዛዛ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በየኮረብታው የሚገኘው ቀይ ጠጠር፣ ከአዳማ ወደ አሰላ ሲኬድ ደራ አካባቢ የሚያጋጥመው ደረቅ ምድር፣ ሌላ ዓለም ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ አምሳያ ናቸው። ደቅቆ የተነፋ ጠጠር በሙጫ ተለጥፎ ከደረቀ በኋላ በጥቁር ቡናማ ይቀባል፤ ከዚያ ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ ሊደርቅ የቀረበ ብሩሽ በላዩ ሲታሽበት፣ ከፍ ከፍ ያሉት ቅንጣቶች ብቻ ቀለም ይይዛሉ። ይህ ደረቅ ብሩሽ የሚባለው ዘዴ ለድንጋይና ለጠጉር እጅግ ፈጣን ነው፤ ለለስላሳ ጥሩር ግን የተቧጨረ መልክ ስለሚሰጥ አይሆንም። የወታደሩ ጫማና የካባው ጫፍም የመደቡን አቧራ ቀለም ጥቂት ቢነካ፣ ቅርጹ ከመሬቱ ጋር ይዛመዳል።

በመጨረሻ፣ በጨዋታ ጊዜ የብዙ ሰው ጣት የሚነካው ስለሆነ፣ ቅቡ በማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይሸፈናል። የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ የክፍሉን አምፖል በየጉብታው ላይ ስለሚያንጸባርቅ፣ በብሩሽ የተቀመጠውን ብርሃን ያደናግረዋል፤ ስለዚህ እርሱ የሚቀባው ዙሪያው ሁሉ ከደረቀ በኋላ፣ በትንሽ ብሩሽ፣ በመነጽሮቹ ላይ ብቻ ነው።