ዝርዝር ስለ መጻፍ

ሰው ሁሉ የየራሱ ፍቅር አለው። አንዱ አበባ መትከል ይወዳል፤ አንዱ ቴምብር ያጠራቅማል፤ አንዱም ከሥራ በኋላ ዳማ ሲጫወት ያመሻል። የእኔ ፍቅር ዝርዝር መጻፍ ነው። አሶሳ ገበያ ስወጣ የምገዛውን ጽፌ በኪሴ እይዛለሁ፤ ይህስ የማንኛውም የቤት ባለቤት ልማድ ነው። ከገበያ ተመልሼ ግን ያልገዛሁትን፣ በዓይኔ ብቻ ያየሁትን፣ ሰሊጡን፣ ማሽላውን፣ ማንጎውን፣ ከቀርከሃ የተሠራውን ወንበር ሁሉ በወረቀቱ ጀርባ ስመዘግብ የሚያዩኝ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ እኔም ይህ ልማድ ከቧልት የራቀ መሆኑን ዛሬ ላስረዳ።

እናንተ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ እንደ መሆናችሁ መጠን ለዝርዝር እንግዶች አይደላችሁም። የደመወዝ ዝርዝር፣ የንብረት ዝርዝር፣ የገቢና ወጪ ደብዳቤ ዝርዝር በየዕለቱ በእጃችሁ ያልፋል። ነገሩም ጥንታዊ ነው። ዛሬ ኢራቅ በምትባለው አገር፣ ኡሩክ በተባለችው ከተማ፣ ከ5,000 ዓመት በፊት በሸክላ ላይ ከተጻፉት የዓለም የመጀመሪያ ጽሑፎች የሚበዙት የሒሳብ መዝገቦች ሲሆኑ፣ ከቀሩት መካከል የቃላት ዝርዝሮች ይገኛሉ። ከነዚህም አንዱ የሹማምንትንና የባለሙያዎችን ስም በተራ የሚያሰፍር ነው፤ የጸሐፊነት ተማሪዎችም ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ እየገለበጡ ተማሩበት። በእኛም አገር ሊቃውንት የግእዝን ቃላት ከአማርኛ ፍቺያቸው ጋር በየዓይነቱ መድበው ሰዋስው በሚባሉ መጻሕፍት አቆይተውልናል።

ነገር ግን ዝርዝር ምን ያህል ኀይል እንዳለው የሚታየው በዚሁ በዓባይ ሸለቆ ግራና ቀኝ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) መጀመሪያ በጎጃም ሲቀመጥ፣ ከልዩ ልዩ ወገን የመጡትን ሰዎች ራስን ምን ትሉታላችሁ፣ ውሃንስ፣ እሳትንስ እያለ እየጠየቀ ጻፈ። በ1845 ባሳተመው ሥራ ውስጥ ካፋ፣ ጎንጋ፣ ጋፋትና የጉሙዞች ቋንቋ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ማስረጃ ይሆን ዘንድ ጋፋትን ብቻ እንመልከት። ዎልፍ ሌስላው የተባሉት የቋንቋ ሊቅ በ1947 ይህን ቋንቋ ፍለጋ ወደ ጎጃም ሲሄዱ ያገኙት ተናጋሪ አራት ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ጋፋትኛ የሚናገር የለም። ስለ ቋንቋው የምናውቀው ነገር የተረፈው ጥቂት ሰዎች በወረቀት ላይ በደረደሩት ቃል ነው።

እንግዲህ የትኛው ቃል ይጻፍ? ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። የበርታ ሰዎች ከሱዳን ጋር በንግድና በሃይማኖት ስለ ተገናኙ ብዙ የዐረብኛ ቃል ተቀብለዋል፤ እኛም ብንሆን ሱቅንና ስኳርን ከዚያው አግኝተናል። ዝርዝሩ ከሱቅ ዕቃ ቢጀምር አማርኛና በርትኛ ዘመዳሞች መስለው ይታዩን ነበር። ስለዚህ ሞሪስ ስዋዴሽ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በ1950ዎቹ ሰው ከጎረቤቱ በቀላሉ የማይበደራቸውን ቃላት መረጡ፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ ምላስ፣ ደም፣ ድንጋይ፣ ዝናብ፣ አንድ፣ ሁለት፣ እኔ፣ አንተ። የእኛን ዓይንና ደም ከዐረብኛው ዐይንና ደም ጋር ያስተያየ ሰው ዘዴው የሚሠራ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ላዮኔል ቤንደርም ወደ መቶ የሚጠጋ ቃል ያለው ዝርዝር ይዘው የኢትዮጵያን ቋንቋዎች እያመሳከሩ በ1971 ጽሑፋቸውን አወጡ።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ውጤት የሚያስደንቅ ነው። በመተከል፣ ከዓባይ በስተ ሰሜን የሚኖሩት ሺናሻዎች፣ ራሳቸው ቦሮ የሚሉት፣ ከአጠገባቸው ካለው ከጉሙዝ ይልቅ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ከደቡብ ከሚኖረው ካፋ ጋር ቋንቋቸው ይዛመዳል። በመካከል ሰፊ የኦሮሞ አገር አለ። ተራራውና ወንዙ የደበቀውን ዝምድና መቶ ቃል ገለጠው። በርታን፣ ጉሙዝንና ኮሞን ግን ብዙ ሊቃውንት በአባይ ሰሃራ ወገን ይመድቧቸዋል፤ በተለይ ስለ ጉሙዝ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላበቃም።

ቃል መሰብሰብ ቀላል የሚመስለው ሰው ይሞክረው። እጅህን አሳይተህ «ይህ ምንድን ነው?» ብለህ ብትጠይቅ፣ አንዱ እጅ ይልሃል፣ ሌላው ጣት፣ ሦስተኛው ደግሞ «እጅህ» ብሎ ባለቤቱን ጨምሮ ይመልስልሃል። በዐረብኛ ብትጠይቀው ደግሞ ለአንተ ክብር ሲል የራሱን ቃል ትቶ ያንኑ ዐረብኛ ሊደግምልህ ይችላል። አንድን ቃል ከሦስት ሰው መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በዝርዝሩ ራስ ላይ የሚጻፈው ስም ነው። የጥንቶቹ መንገደኞች የጉሙዝን ቃል የጻፉት ሕዝቡ ራሱን በማይጠራበት፣ ጎረቤት ለማዋረድ ባወጣለት ስም ሥር ነበር። ያ ስም በመጻሕፍትና በመንግሥት ዶሴ ብዙ ዘመን ኖረ። ዛሬ የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን በየስማቸው ይዘረዝራል። በቀበሌና በወረዳ የምትመዘግቡ ወንድሞችና እኅቶች፤ «ብሔር» የሚለውን መስመር ከመሙላታችሁ በፊት ባለጉዳዩን ራሱን ጠይቁ። አንድ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ተናጋሪያቸው አነስተኛ በሆነ በኮሞና በማኦ አካባቢ የምትሠሩ ደግሞ፣ በአንድ ደብተር ላይ ከአንድ ሽማግሌ አፍ መቶ ቃል ብትጽፉ፣ ከብዙ ዶሴ ይልቅ የሚፈለግ ጽሑፍ ይሆናል።

እኔ ከሥጋና ከአጥንት ይልቅ የጓሮ አትክልት ስም መልቀም ይቀናኛል፤ ሆድ ለቋንቋም ጥሩ መምህር ነውና። ከተሜው ባሚያ የሚለውን፣ ያን አረንጓዴና ልጋጋም ፍሬ፣ በርታዎች ከንከሴ ሲሉት ጉሙዞች አንደሃ ይሉታል። በበጋ ከትፈው ያደርቁታል፤ ከዚያም ይወቀጥና ዱቄቱ ለወጥ ይሆናል፤ ከማሽላ ገንፎ ጋር ይበላል። በወረቀቴ ጀርባ፣ ከሰሊጡና ከማንጎው ቀጥሎ፣ ሦስቱም ስሞች በአንድ መስመር ተጽፈዋል።