ኪራዩ ከመንግሥት፣ በሩ ከአከራይ

የዋሽንግተን ዲሲ የቤት ድጋፍ ተጠባባቂዎች መዝገብ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2013 ለአዲስ አመልካች ሲዘጋ ከ70 ሺህ ያላነሰ ስም ሰፍሮበት ነበር። ይሁንና ተራው ደርሶ ቫውቸር የተሰጠው ሰው ገና ቤት አላገኘም። መጀመሪያ የሚሰጠው የፍለጋ ጊዜ ቢያንስ 60 ቀን ነው። በዚያ ውስጥ የሚቀበለው አከራይ ካጣና ቀኑ ካልተራዘመለት፣ ዓመታት የጠበቀው ወረቀት ይቃጠላል።

በተለምዶ «ሴክሽን 8» የምንለው ድጋፍ የተጀመረው ፕሬዚዳንት ፎርድ በ1974 በፈረሙት ሕግ ነው። ዛሬ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች በቫውቸሩ ይኖራሉ። ተከራዩ በአብዛኛው ከገቢው 30 በመቶ ያህሉን ይከፍላል፤ የቀረውን የአካባቢው የቤቶች ባለሥልጣን በየወሩ በቀጥታ ለአከራዩ ይልካል። ተከራዩ ገቢው ቢቀንስበት የእሱ ድርሻ ዝቅ፣ የመንግሥቱ ከፍ ይላል። ከዚህ የተሻለ ዋስትና ያለው ኪራይ ስንት አለ?

ታዲያ አከራዮች ለምን ይሸሻሉ? እውነተኛ ቅሬታ አላቸው። ቤቱ ሳይመረመር ክፍያ አይጀመርም፤ መርማሪው ሲዘገይ ቤቱ ባዶውን ይከርማል። የድጋፉ ጣሪያም ከገበያው ዋጋ በታች የሚሆንበት ሰፈር አለ። እነዚህን ማስተካከል የመንግሥት ዕዳ ነው። «ድጎማ ተቀባይ ቤት ያበላሻል» የሚለው ግን ቅሬታ ሳይሆን ፍርድ ነው። የተከራዩን ያለፈ የኪራይ ታሪክ እንደማንኛውም አመልካች ማጣራት የአከራዩ መብት ነውና፣ ሰውን ሳያዩ በቫውቸሩ መመለስ ምክንያት የለውም።

በ2018 የወጣ የኧርባን ኢንስቲትዩት ጥናት የልዩነቱን ስፋት ያሳያል። ቫውቸር አንቀበልም ያሉት አከራዮች በፎርት ወርዝ 78፣ በሎስ አንጀለስ 76 በመቶ ሲሆኑ በዲሲ 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዲሲ በገቢ ምንጭ ማግለልን በሕግ ከልክላለች። ፊላደልፊያም ከልክላ ነበር፤ እዚያ ግን 67 በመቶው እምቢ ብሏል። ሕግ የሚያስከብረው ካጣ ደጅ አያስከፍትም።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያም በ2020 ተመሳሳይ ክልከላ አውጥተዋል። ሆኖም በቨርጂኒያ ከአራት የማይበልጡ የኪራይ ቤቶች ያሉትን፣ በሜሪላንድ ደግሞ ከሚኖርበት ቤት ክፍል የሚያከራየውን ሕጉ አያስገድድም። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ቤዝመንቱን የሚያከራይ ወገናችን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው። እዚያ የሚወስነው ሕሊና ነው።

ብዙዎቻችን እዚህ አገር ስንደርስ የክሬዲት ታሪክም የደመወዝ ወረቀትም አልነበረንም። የገባንበት የመጀመሪያ ቤት የተገኘው አንድ የአገር ሰው «እኔ አውቀዋለሁ» ስላለልን ነበር። ቫውቸር የያዘች እናት የምትጠይቀን ከዚያ ያነሰ ነው፤ ኪራይዋን የሚከፍል ዋስ ይዛ መጥታለች። የሚጎድላት ቀጠሮ ሰጥቶ ቤቱን የሚያሳያት ሰው ነው።