ለወደብ ተዘርግቶ ወደብን የለወጠ ሐዲድ

ከባድ ጭነትን ለማጓጓዝ ከመንገድ ይልቅ ሐዲድ የሚመረጠው ለምንድን ነው? ሐዲዱ የሚያበቃበት ወንዝ ጥልቀት የሌለው ሆኖ ሲገኝስ ምን ይደረጋል? ውድ አንባቢያን፣ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ወደ ቲስ ወንዝ ዳርቻ እንጓዛለን። በዚያ ሥፍራ የተዘረጋውና ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው የስቶክተንና የዳርሊንግተን የባቡር ሐዲድ፣ በመስከረም 2025 ሁለት መቶኛ ዓመቱ ተከብሯል። በጽሑፋችን የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሰሉ ከጉድጓድ እስከ ወንዝ

በዱራም አውራጃ ደቡብ ምዕራብ ክፍል የድንጋይ ከሰል በብዛት ይገኝ ነበር። ችግሩ ከሰሉን መቆፈር ሳይሆን ማድረስ ነበር። በጭቃማ መንገድ፣ በፈረስ ጀርባና በጋሪ እየተጫነ የቲስ ወንዝ ወደብ ወደሆነችው ወደ ስቶክተን ሲደርስ ዋጋው እጅግ ይንራል። የሱፍ ነጋዴው ኤድዋርድ ፒስና ባልደረቦቹ ቦይ ይቆፈር ወይስ ሐዲድ ይዘርጋ በሚለው ላይ ከብዙ ክርክር በኋላ ሐዲዱን መረጡ። ፓርላማውም በ1821 ፈቃድ ሰጠ። የሥራው መሐንዲስ ጆርጅ እስቲቨንሰን ነበር።

በዚህ ፈቃድ ውስጥ አንድ አስገራሚ አንቀጽ እናገኛለን። ጆን ላምተን የተባለ የሌላ አካባቢ የከሰል ማዕድን ባለቤት፣ አዲሱ መሥመር በባሕር ንግድ እንዳይወዳደረው ሠግቶ፣ በመርከብ ለሚላክ ከሰል የሚከፈለው የማጓጓዣ ዋጋ ለአንድ ቶን በማይል ከግማሽ ፔኒ እንዳይበልጥ አስወሰነ። በአካባቢው ለሚሸጥ ከሰል ግን እስከ አራት ፔኒ ማስከፈል ይቻል ነበር። በግማሽ ፔኒ ሠርቶ ማትረፍ አይቻልም የሚል ግምት ነበረው።

ሐዲዱ መስከረም 27 ቀን 1825 ተከፈተ። «ሎኮሞሽን» የተባለው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችንና ከሰል የጫኑ ፉርጎዎችን እየጎተተ ስቶክተን ገባ። በከተማይቱ የአንድ ቶን ከሰል ዋጋ ከ18 ሺሊንግ ወደ 8 ሺሊንግ ተኩል ወረደ። ያተርፋል ተብሎ ያልታሰበው የባሕር ማዶ ንግድም ከተገመተው በላይ አድጎ የኩባንያው ዋነኛ ሥራ ሆነ። ላምተን የት ላይ ተሳሳተ? መልሱን ከፊዚክስ እናገኘዋለን።

ሰበቃና ስበት

አሥር ቶን የሚመዝን ጭነት እንውሰድ። ክብደቱ ወደ 100,000 ኒውተን ይጠጋል። በልል አፈር መንገድ ላይ የሚንከባለል ጎማ የሚገጥመው ተቃውሞ የክብደቱን 5 በመቶ ያህል ቢሆን፣ ለመጎተት 5,000 ኒውተን ያስፈልጋል። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ግን ተቃውሞው ዛሬ ከክብደቱ 0.2 በመቶ ገደማ ነው፤ ማለትም 200 ኒውተን ይበቃል። ልዩነቱ ሃያ አምስት እጥፍ ነው። የዚያ ዘመን ጎማና ሐዲድ እንደ ዛሬው የተስተካከለ ባይሆንም መርሁ ያው ነው።

ይሁንና ይህ ጥቅም ዳገት ላይ ይፈተናል። በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ የሚነሣ ዳገት፣ በዚያው ጭነት ላይ ተጨማሪ 1,000 ኒውተን ይጭናል፤ ይህም የሐዲዱን ተቃውሞ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። እንግዲህ በሐዲድ ትራንስፖርት ትልቁ ጥያቄ «የተጫነው ፉርጎ የሚሄደው ወዴት ነው?» የሚለው ይሆናል። በቲስ መሥመር የማዕድን ጉድጓዶቹ ከፍ ባለ ሥፍራ፣ ወደቡ ደግሞ በዝቅተኛው ሥፍራ ይገኛሉ። ሙሉው ፉርጎ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዳገት የሚወጣው ባዶው ነው። ከ1828 ጀምሮማ ፈረሶቹ ራሳቸው ቁልቁለቱን በተለየ ፉርጎ ተሳፍረው እያረፉ ይወርዱ ነበር።

ያልተመቸው በጉድጓዶቹና በሺልደን መካከል የነበሩት የኤተርሊና የብራስልተን ኮረብታዎች ናቸው። በእነዚህ ላይ ፉርጎዎቹን የሚጎትቷቸው በኮረብታው አናት የቆሙ የእንፋሎት ሞተሮች በገመድ ነበር። እስቲቨንሰን ራሱ ድርሻ ያለውን በቅርጽ የፈሰሰ የብረት ሐዲድ ትቶ፣ በቀላሉ የማይሰበረውን በመዳመጥ የተሠራ ብረት መምከሩም ሊመሰገንበት ይገባል፤ ምክሩ ከገንዘብ ጥቅሙ ጋር ይጋጭ ነበርና።

ሥራው ግን ያለ መሥዋዕትነት አልተከናወነም። በ1828 የሎኮሞሽን የእንፋሎት ጋን ፈንድቶ ነጂው ሞቷል። በአንዱ ሐዲድ ላይ ሎኮሞቲቭና ፈረስ ፊት ለፊት ሲገናኙም ማን ወደ ኋላ ይመለስ በሚለው ጠብ ይነሣ ነበር። በመተላለፊያዎቹ መካከል ምልክት ቆሞ፣ ቀድሞ ያለፈው እንዲቀጥል ሌላው እንዲመለስ ተደነገገ።

የወንዙ ፍርድ

የስቶክተን ደስታ ብዙ አልቆየም። ቲስ በዚያ ሥፍራ ጠመዝማዛና በደለል የተሞላ ስለነበር ትልልቅ መርከቦች ሙሉ ጭነት ይዘው መውጣት አይችሉም። ከሐዲዱ በፊት በ1810 አንደኛው ጥምዝ ተቆርጦ መንገዱ ቢያጥርም፣ እየጨመረ ለመጣው ከሰል አልበቃም። ኩባንያው ሐዲዱን ወደ ወንዙ አፍ አቅጣጫ አራዘመ፤ አዲሱ መሥመርም በታኅሣሥ 1830 ሚድልስብሮ ደረሰ።

ለዚህ መሥመር ቲስን ማቋረጥ ግድ ነበር። የተሠራው ተንጠልጣይ ድልድይ የሰንሰለቱ ቅርጽ እንደ ጭነቱ አቀማመጥ ስለሚለዋወጥ፣ ባቡሩ ካለበት ሥር እየሰመጠ ከፊቱ ደግሞ እየተነሣ እንደ ማዕበል ይሆን ጀመር። እንደ መፍትሔ ፉርጎዎቹ በረጃጅም ሰንሰለት ተራርቀው እንዲያልፉ ተደረገ። በመጨረሻም በ1844 ሌላ ጠንካራ ድልድይ ተተካ። አንድ ድልድይ ክብደቱን መሸከሙ ብቻ በቂ እንዳልሆነ፣ ቅርጹንም መጠበቅ እንዳለበት መሐንዲሶች ከዚህ ተምረዋል።

በሚድልስብሮ ወደብ ቲሞቲ ሃክወርዝ የነደፈው ማራገፊያ፣ ከሰሉን ከከፍታ ከመጣል ይልቅ ፉርጎውን እንዳለ ወደ መርከቡ ያወርደው ነበር። ከሰል ሲወድቅ ይደቃል፤ የደቀቀ ከሰል ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል። በ1831 ነዋሪዋ 154 የነበረው ሚድልስብሮ ከአሥር ዓመት በኋላ 5,463 ሰው ቆጠረች። ለሐዲዱ ስሟን የሰጠችው ስቶክተን ግን የከሰል ንግዷን ለጎረቤቷ አስረከበች።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

እስቲቨንሰን የተጠቀመበት የሐዲድ ስፋት በኋላ ግማሽ ኢንች ተጨምሮበት 1,435 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄደው በዚሁ ስፋት ነው፤ የቀድሞው የለገሀር ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

ነገር ግን ስበት ለእኛ ያደላው በተቃራኒው ነው። ከባዱ የገቢ ዕቃ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ወደ ወደብ የሚወርደው ግን ብዙውን ጊዜ ቀላሉ ጭነት ነው። የቲስ ፈረስ ቁልቁለቱን አርፎ ሲወርድ የእኛ ሎኮሞቲቭ ከሙሉ ጭነት ጋር ዳገት ይታገላል። አሥር ቶን ጭነትን 2,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ ስንት ጁል ኃይል ያስፈልጋል? አንባቢያን ወረቀትና እርሳስ አንሥታችሁ እንድታሰሉት እንተውላችኋለን። ውጤቱን ካገኛችሁ በኋላ፣ ወደ ውጭ የምንልከው ምርት ክብደት መጨመር ለባቡራችን ምን ትርጉም እንዳለው አስቡበት።