መስታወቱን ሳታዩ አትውጡ

ጠጋ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ አልናገረውም። የልደታ ልጅ ነኝ። የሰፈሬ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲበቅልባቸው ስላየሁ፣ አሮጌ ቤት እንዴት ከመፍረስ እንደሚተርፍ ማየት እወዳለሁ። እንግዳ ሲመጣብኝ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የምወስደው ለዚህ ነው።

አስጎብኚዎች በቀጥታ ወደ ውስጥ ያስገቧችኋል። እናንተ ግን ደጁ ላይ ቆም በሉ። የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ብዙ ሰው ሳያልቅ የቀረ ሥራ ይመስለዋል። አልቋል! የጣሊያን ሥራ ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ እርከን። ከነጻነት በኋላ ማንም በመዶሻ አልነካውም፤ አናቱ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። እኔ በበኩሌ ከዚህ የረቀቀ ስድብ አላውቅም።

ቤቱን ጣሊያን የሠራው የሚመስላቸው አሉ፤ ስሕተት ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ ነበር፤ የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ ገባበት እንጂ አልሠራውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለድሆች ምጽዋት ሲያስከፋፍል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት እዚሁ ግቢ ነው። ከተማዋ ሦስት ቀን በደም የታጠበችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን እዚሁ ቤት ውስጥ ያለው የአረንጓዴው ሳሎን ነገር ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች እዚያ ተረሸኑ። ራስ አበበ አረጋይ አንዱ ናቸው፤ አምስቱን ዓመት በሸዋ ዱር ጣሊያን ያልደረሰባቸውን ሰው ጥይት ያገኛቸው በጌታቸው ሳሎን።

ከዚያ ወዲያ ንጉሡ አልኖሩበትም። ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። በ1955 ዓ.ም. ሪቻርድ ፓንክረስት በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመሩት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተቋቋመ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሙዚየምም የተቋሙ ነው። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከልጅነት ተነሥታችሁ እስከ ሞት ትሄዳላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እንዳለ ነው፤ ሰዉ ገንዳውን ለማየት ይጋፋል። እናንተ ከመኝታ ቤቱ መስታወት ፊት ቁሙ። የ1953ቱ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለ። ስንቱ ፀጉሩን አስተካክሎበት፣ ቀዳዳውን ሳያይ አልፏል።