ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ስንገዛ ታማኙን ነጋዴ በምን እንለየው?

አንድ የጀማዓችን ወንድም በቅርቡ ኒሳን ሊፍ የተባለችውን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ገንዘቡ የስድስት ዓመት ቁጠባውና የባለቤቱ ወርቅ ነበር። ሻጩን የመረጠው ከፊተኛው ሶፍ የማይጠፋ ሰው በመሆኑ ነው። «ወላሂ ባትሪዋ አዲስ ነው» ብሎ ማለለት፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት የባትሪ መለኪያ መስመሮችም በሙሉ በርተው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ መስመሮቹ እየወረዱ ስምንት ላይ ቆሙ። በአንድ ሙሌት ቢሾፍቱ ደርሳ ትመለሳለች የተባለችው መኪና ለመመለሻው እዚያው መሞላት ግድ ሆነባት።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከከለከለ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። የድሮውን መኪና ስንገዛ ኮፈን አስከፍተን፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምተን፣ ጭሱን አይተን አንድ ነገር እንገምት ነበር። የዛሬዋ ድምፅም ጭስም የላትም። የዋጋዋ ትልቁ ክፍል ያለው ከወለሏ ሥር በታሸገው ባትሪ ውስጥ ነው። የቀድሞዎቹ የሊፍ ሞዴሎች ደግሞ ባትሪያቸውን በፈሳሽ የማያቀዘቅዙ በመሆናቸው ሙቀት ቶሎ ይጎዳቸዋል። የመጀመሪያው መስመር የሚጠፋውም ባትሪው 15 በመቶ ያህል አቅሙን ካጣ በኋላ ነው። ከዚህም የከፋው፣ መለኪያውን በኮምፒውተር ወደ መነሻው መልሰው የጠፉትን መስመሮች ለጊዜው የሚያበሩ አታላዮች መኖራቸው ነው። መኪናዋ ስትነዳ ቆይታ እውነቱ ይወጣል።

ይህ ማታለል አዲስ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመልንና በግን ጡታቸው እንዲሞላ ሳያልቡ አቆይቶ መሸጥን ከልክለዋል። እንዲህ ተታልሎ የገዛ ሰው ካለባት በኋላ ከፈለገ ያስቀራታል፤ ካልፈለገም ከአንድ ሷዕ ተምር ጋር ይመልሳታል። በሙስሊም ዘገባ የምርጫው ጊዜ ሦስት ቀን ነው። በዝርዝሩ ላይ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ቢኖርም፣ ወተት ያጠራቀመ ጡትና የተነካካ መለኪያ አንድ ዓይነት ውሸት መሆናቸው ግልጽ ነው።

ታዲያ ታማኙን በምን እንለየው? በመሐላ አይደለም። መሐላ ዕቃን እንደሚያሸጥ፣ በረካን ግን እንደሚያጠፋ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። በሶፍም አይደለም። እኛ ሐበሾች ይሉኝታ ይዞን «ወንድሜን እንዴት ልጠርጥረው» እያልን ሳንፈትሽ እንገዛለን፤ መፈተሽን ከመጥፎ ጥርጣሬ ጋር እናምታታዋለን። ሙስሊም በዘገቡት በሌላው ሐዲስ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ከውስጥ አስገብተው እርጥበቱን አገኙት። ባለ እህሉ ዝናብ ነክቶት እንደሆነ ሲነግራቸው ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። እጃቸውን ሲያስገቡ የባለ እህሉን ክብር ነኩ የሚል ማን ነው?

ስለዚህ እኛም እጃችንን እናስገባ። ከመሪው በታች የሚሰካና በስልክ የሚነበብ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ያሳያል። እርሱም የሚያነበው ከዚያው ከተነካካው ኮምፒውተር ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። ሁነኛው ፈተና ሙሉ ተሞልታ በምናውቀው መንገድ እስከ ሃያ በመቶ ድረስ መንዳት ነው። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ሸሪዓው ደግሞ ገዢው በውሉ ላይ የመመለስ ምርጫን በቅድመ ሁኔታ እንዲያስገባ ይፈቅድለታል፤ በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ እስከ ሦስት ቀን። ይህን ስንጠይቀው «እሺ፣ ጻፈው» የሚል ነጋዴ ካገኘን ከሌላው አርባ መሐላ ይሻለናል። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና ዕገዳ እንዳለባትም ሳናጣራ ቀብድ አንስጥ።

እንደ ፎልክስቫገን አይዲ 4 ያሉት መኪኖች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ከሆኑ ደግሞ የሚነገረን ኪሎ ሜትር የቻይናው መለኪያ ነው፤ ከአውሮፓው የላላ ስለሆነ ቀንሰን እናስብ። የፋብሪካ ዋስትና አላት ሲሉንም እዚህ አገር የሚያስተናግደው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እዚያው ቻይና ነውና።

በድለላ ለተሰማሩ ወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለን። ነውር ያለበትን ዕቃ ነውሩን ሳይናገሩ ለወንድም መሸጥ እንደማይፈቀድ ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ሰፍሯል። መኪናዋ ኮምፒውተር እንደተነካካ እያወቀ «እኔ አገናኝ ብቻ ነኝ» የሚል ደላላ ኮሚሽኑን ከመቀበሉ በፊት ይህን ያስብ።

ወንድማችን ጉዳዩን ለመስጂዱ ሽማግሌዎች አቀረበ። ሻጩ «እኔም ሳላውቅ ነው የገዛኋት» አለ፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ኡስታዙ ግን የሻጩ አለማወቅ የገዢውን የመመለስ መብት እንደማያስቀር አስረዱት። ገንዘቡን በሁለት ጊዜ ከፍሎ መኪናዋን ሊወስድ ተስማማ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ተከፍሏል። የባለቤቱ ወርቅ ግን በተሸጠበት ዋጋ ዛሬ አይገኝም።