የበራችን ብረት እንዳይዝግ

በራችን ሲከፈት ሲጢጥ ይላል። ቁልፉም አልዞር ይላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ዝገት ነው። ብረት ውሃና አየር ሲያገኘው ይዝጋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ማጠፊያውን በደረቅ ጨርቅ እንወልውል። ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ የሞተር ዘይት እናንጠባጥብበት፤ ከወፍጮ ቤት አይጠፋም። በሩን ከፈት ዘጋ እናድርገው፤ ዘይቱ ውስጥ ድረስ ይገባል። የተረፈውን እንጥረግ፤ አለዚያ አቧራ ይይዛል። ቅቤና የወጥ ዘይት አይሆኑም፤ ውለው አድረው ይጣበቃሉ።

ለቁልፉ ቀዳዳ ፊደል የቆጠርንበት እርሳስ ይበቃል። ጥቁሩን ፍቀን በመክፈቻው ጥርስ ላይ እንቀባ፤ አስገብተን ደጋግመን እናዙር።

ትንሽ ሥራ ነው ብለን አንናቀው። ሌሊት ቤት እሳት ቢይዝ፣ አልከፈት ያለ በር ልጅ ያስፈጃል። ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ በራችንን እንይ።